ስለ ሴል ዕድገት ስንጽፍ «የት» የሚለው ጥያቄ አይቅር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከጅማ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ካንሰር የምታወጧቸውን ጽሑፎች እከታተላለሁ፤ አንዳንዶቹንም ለተማሪዎቼ በክፍል ውስጥ አነብላቸዋለሁ። ካንሰር ሴሎች ከቁጥጥር ወጥተው ያለ ልክ የሚባዙበት ሕመም መሆኑን አንባቢ በሚገባው ቋንቋ ማስረዳታችሁ የሚያስመሰግናችሁ ነው። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በእነዚህ ጽሑፎች ሁሉ የሴል ዕድገት የመጠን ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቅረቡ ነው። ሴል ሲያድግ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ አይደለም። «ልደግ ወይስ ልቆይ?» ከሚለው ጎን «በየትኛው ወገኔ ልደግ?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይህ ሁለተኛው ካልተመለሰ የመጀመሪያው መልስ ብቻውን ጤናማ ሴል አያስገኝም። ይህንንም ከሁሉ ይልቅ ግልጽ አድርጎ ያሳየን በየቤታችን የሚገኘው እርሾ ነው፤ ስለዚህ የእርሾ ጥናት በጋዜጣችሁም በትምህርት ቤቶቻችንም ተገቢውን ቦታ እንዲያገኝ ለማሳሰብ እወዳለሁ።

እርሾ ለጅማ ሰው እንግዳ አይደለም። ማሩን ጠጅ የሚያደርገው፣ የዳቦውን ሊጥ የሚያነሣው እሱ ነው፤ በቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ገንዳ ውስጥም ከተፈለፈለው ቡና ላይ የሚቀረውን የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ከሚያብላሉት ጥቃቅን ፍጥረታት መካከል ከባክቴሪያዎች ጋር የእርሾ ዝርያዎች ይገኛሉ። ከዝርያዎቹ ሁሉ በሳይንስ በስፋት የተጠናው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪዚዬ የተባለው የዳቦና የመጠጥ እርሾ ሲሆን፣ አንድ ሴል ብቻ ያለው፣ ስፋቱ 5 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ ፍጥረት ነው፤ 200 ያህሉ ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሆናሉ። ምግቡ ከተሟላለት በ90 ደቂቃ ገደማ አንድ ጊዜ ይባዛል። ባክቴሪያ እንዳልሆነና እንደ እኛ ሴሎች ኒውክለስ እንዳለው ማስታወስ ያስፈልጋል። በ16 ክሮሞሶሞች ላይ የሰፈረውና ወደ 12 ሚሊዮን ፊደላት የሚደርሰው የዘር መረጃው እ.ኤ.አ. በ1996 ተነብቦ ያለቀ ሲሆን፣ ወደ 6000 የሚጠጉ ጂኖች እንዳሉት ታውቋል። ኒውክለስ ካላቸው ፍጥረታት ሁሉ ሙሉ የዘር መረጃው አስቀድሞ የተነበበው የእርሾ ነው።

ይህ እርሾ እንደ ብዙዎቹ ሴሎች ከመሃሉ ለሁለት እኩል አይከፈልም፤ ያጎነቁላል። ከእናቲቱ ሴል ገጽ በአንዲት ነጥብ ላይ ትንሽ ጉንቁል ብቅ ትላለች፤ አዲስ የሚመረተው የሽፋንና የግድግዳ ቁስ ወደዚያች ነጥብ ይጓጓዛል፤ ጉንቁሏ ታድጋለች፣ ከተባዙት ክሮሞሶሞች ድርሻዋን ትወስዳለች፣ በመጨረሻም ትለያለች። በተለያዩበት ቦታ በእናቲቱ ግድግዳ ላይ ኪቲን ከሚባል ጠንካራ ቁስ የተሠራ ክብ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳውን ልዩ ቀለም ቀብቶ በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው እናቲቱ ስንት ጊዜ እንደወለደች ብቻ ሳይሆን በየትኛው ወገኗ እንደወለደች ጭምር ያያል። ጠባሳዎቹ እንደ ዕድል የተበተኑ አይደሉም። ነጠላ የክሮሞሶም ስብስብ ያላቸው፣ ሃፕሎይድ የሚባሉት ሴሎች፣ አዲሱን ጉንቁል ካለፈው ጠባሳ አጠገብ ያወጣሉ፤ ጥንድ ስብስብ ያላቸው ዲፕሎይዶች ደግሞ ሞላላ በሆነው አካላቸው በሁለቱ ጫፎች ያወጣሉ። ሴሉ ካለፈው ክፍፍል የተረፈለትን ምልክት ተከትሎ ቀጣዩን የዕድገት ቦታ ይወስናል ማለት ነው። ከምልክቱ ወደ ዕድገቱ መልእክቱን የሚያደርሱት ጂቲፒኤዝ የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው።

ጂቲፒኤዝ ጂቲፒ የሚባል ትንሽ ሞለኪውል ይዞ፣ ኋላ ከሞለኪውሉ አንድ ፎስፌት ቆርጦ ወደ ጂዲፒ የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ጂቲፒ በያዘ ጊዜ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ በዚያ ቅርጹ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይይዛል፣ ሥራ ያስጀምራል። ጂዲፒ ሲይዝ ያንን ሥራ ያቆማል። ከዚህ የተነሣ ከመብራት ማብሪያና ማጥፊያ ጋር ይነጻጸራል፤ ንጽጽሩ ለጀማሪ ይጠቅማል፣ ነገር ግን በአንድ ነገር ይጎድላል። የግድግዳው ማብሪያ ሰው እስኪነካው ድረስ እንደተተወ ይኖራል፤ ጂቲፒኤዝ ግን ጂቲፒውን በመቁረጥ ራሱ ይጠፋል። ብቻውን ሲተው ሥራው እጅግ አዝጋሚ ስለሆነ ሁለት ዓይነት ረዳቶች አሉት፤ አንደኛው አሮጌውን ጂዲፒ አስለቅቆ አዲስ ጂቲፒ እንዲገባ የሚያደርግ አብሪ ሲሆን፣ ሌላው መቁረጡን የሚያፋጥን አጥፊ ነው። አንድ ጂቲፒኤዝ የትና መቼ እንደሚበራ የሚወስኑት በአብዛኛው እነዚህ ረዳቶች ናቸው፤ ስለዚህ ስለ ጂቲፒኤዝ ሲወራ ረዳቶቹን መርሳት አይገባም።

«ምን ያህል» የሚለውን ጥያቄ በአጭሩ ላልፈው፤ ዓምዳችሁ እሱን ደጋግሞ ስለሚነካ ነው። በሰው ካንሰር ስሙ የሚነሣው «ራስ» የተባለው የጂቲፒኤዝ ቤተሰብ በእርሾም ውስጥ አለ፤ ስኳር በተገኘ ጊዜ ሴሉ እንዲያድግ መልእክት ያስተላልፋል። ሁለቱም የ«ራስ» ጂኖቹ የጠፉበት እርሾ ማደግ አይችልም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ተመራማሪዎች የሰውን የ«ራስ» ጂን ሲያስገቡበት እርሾው በሰው ፕሮቲን መኖር ቻለ። በእርሾ ውስጥ «ራስ» የተባለውን ጂቲፒኤዝ የሚያጠፉት ረዳቶች ኢራ1 እና ኢራ2 ይባላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ኒውሮፋይብሮማቶሲስ ለተባለው፣ በነርቮች ላይ ዕጢ ለሚያወጣው በዘር የሚተላለፍ ሕመም ምክንያት የሆነው ጂን ሲገኝ፣ የኢራዎቹ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ከእነዚህ ሌላ ጂቲአር1 እና ጂቲአር2 የተባሉ ሁለት ጂቲፒኤዞች ጥንድ ሆነው ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ጂቲፒ፣ ሁለተኛው ጂዲፒ ሲይዙ ጥንዱ አሚኖ አሲድ መኖሩን ቶር ለተባለው ኢንዛይም ያሳውቃል፤ ቶርም የሴሉን የፕሮቲን ምርት ያፋጥናል። ቶር ራሱ መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1991 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ፣ ራፓማይሲን የተባለው መድኃኒት የማይበግራቸውን እርሾዎች በመመርመር ነው።

አሁን ወደ «የት» ልመለስ። የዚህ ጥያቄ ታሪክ የሚጀምረው ከተበላሹ እርሾዎች ነው። አሜሪካዊው ሊላንድ ሃርትዌል በሲያትል ሳለ፣ በመጠነኛ ሙቀት በደህና የሚኖሩ፣ ሙቀቱ ከፍ ሲል ግን የመባዛት ሂደታቸው ከአንድ ደረጃ ላይ የሚገታ የእርሾ ሚውታንቶችን፣ ማለትም ጂናቸው የተለወጠባቸውን እርሾዎች፣ ሰበሰበ፤ ለዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከፖል ነርስና ከቲም ሃንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ከሚውታንቶቹ መካከል ሲዲሲ24 የተባለው ጂን የተበላሸበት አንዱ ነበር። ይህ እርሾ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቆይ ጉንቁል ማውጣት ያቅተዋል፤ ነገር ግን ማደጉን አይተውም። ያለ አቅጣጫ ያብጣል፣ ክብና ትልቅ ይሆናል፣ የዘር መረጃውን ያባዛል፣ ኒውክለሱም ይከፈላል፤ በመጨረሻ ከአንድ በላይ ኒውክለስ የተሸከመ፣ ልጅ የሌለው ግዙፍ ሴል ሆኖ ይገኛል። በእኔ እምነት በባዮሎጂ ትምህርት ውስጥ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ ጥቂት ነው። ምግቡም፣ የማደግ ትእዛዙም፣ የግንባታ ቁሱም ሁሉ አለ፤ የጠፋው ቦታውን የሚወስነው ነገር ብቻ ነው፤ ይህም አንድ ነገር በመጥፋቱ ዕድገቱ ዘር የማያስቀጥል ሆኖ ቀረ።

ጆን ፕሪንግልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990 ተመሳሳይ ጉድለት የሚያስከትል ሌላ ጂን ገለጹ፤ ሲዲሲ42 ይባላል፤ የሚያመርተውም ፕሮቲን ሮ ከሚባለው ቤተሰብ የሆነ ጂቲፒኤዝ ነው። በኋላ እንደታወቀው ሲዲሲ24 የዚህ የሲዲሲ42 አብሪ ነው። አብሪው ሲጠፋም፣ የሚበራው ሲጠፋም ሴሉ በአንድ ዓይነት መንገድ አቅጣጫ ያጣል። ይኸው የፕሪንግል ቡድን ከዚህ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ሌላ አስደናቂ ነገር አግኝቶ ነበር። ሲዲሲ24 የተበላሸበትን እርሾ የሚያድን ጂን ሲፈልግ፣ በብዛት በተጨመረ ጊዜ ጉድለቱን የሚያካክስ የ«ራስ» ዘመድ የሆነ ጂቲፒኤዝ አገኘ፤ አርኤስአር1 ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ጆን ቻንትና አይራ ሄርስኮዊትዝ በሳን ፍራንሲስኮ ጉንቁሏ የት እንደምትወጣ የሚወስኑትን ጂኖች ለይተው ሲያወጡ፣ ከመካከላቸው ቡድ1 ያሉት ይኸው አርኤስአር1 ነበር። ከሁለት በተለያየ ጥያቄ ከተነሡ ጥናቶች አንድ ፕሮቲን ሲገናኝ፣ በእጃችን ያለው ነገር ዋና እንደሆነ እርግጠኛ መሆን ይቻላል።

አርኤስአር1 የጠፋበት እርሾ ምን ይሆናል? አይሞትም። በሲዲሲ24 እንዳየነው ያለ ጉንቁል አያብጥም፤ ያጎነቁላል፣ በፍጥነትም ይባዛል። የሚጠፋው ሥርዓቱ ነው፤ ጉንቁሎቹ ካለፈው ጠባሳ አጠገብ መሆናቸው ወይም በጫፍ መሆናቸው ቀርቶ በገጹ ሁሉ ላይ ይበተናሉ። ከዚህ የምንረዳው የሥራ ክፍፍሉን ነው። ሲዲሲ42 ዕድገትን በአንድ ነጥብ ላይ ይሰበስባል፤ አርኤስአር1 ደግሞ ያ ነጥብ የትኛው እንደሚሆን ያመለክታል። ሁለቱም ጂቲፒኤዞች ናቸው፤ ሁለቱም የየራሳቸው አብሪና አጥፊ አሏቸው፤ የአርኤስአር1 አብሪ ቡድ5፣ አጥፊው ቡድ2 ይባላሉ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ ሁሌም የሚያመነቱበት አንድ ውጤት አለ። አርኤስአር1 በሚውቴሽን፣ ማለትም በጂን ለውጥ፣ ተቆልፎ ሁልጊዜ ጂቲፒ እንዲይዝ ቢደረግ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው ሥራው ይበረታል ብሎ ይጠብቃል። የሚሆነው ግን ይህ አይደለም፤ ሁልጊዜ የበራውም፣ ሁልጊዜ የጠፋውም፣ ጨርሶ የሌለውም ውጤታቸው አንድ ነው፤ ጉንቁሎቹ ይበተናሉ። አጥፊው ቡድ2 ቢጠፋም እንደዚያው። ቦታውን የሚመርጠው መብራቱ ሳይሆን በመብራትና በመጥፋት መካከል መመላለሱ ነው ማለት ነው። ምክንያቱም በከፊል ተገልጿል፤ ጂቲፒ የያዘው አርኤስአር1 ሲዲሲ24ን ይይዛል፤ ጂዲፒ የያዘው አርኤስአር1 ደግሞ ቤም1 የተባለውን አገናኝ ፕሮቲን ይይዛል። በአንድ ቦታ ሲመላለስ ሲዲሲ24ንም ቤም1ንም ወደዚያ ቦታ ያመጣል፤ ሲዲሲ24 እዚያ ሲደርስ ሲዲሲ42ን ያበራል። አንዱ ጂቲፒኤዝ የሌላውን ጂቲፒኤዝ አብሪ ወደ ቦታው ያደርሳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግንኙነት መጀመሪያ የታወቀው በዚህ መልኩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ግንኙነቱ ከዚህም የጠበቀ መሆኑ ተገልጿል። በአሜሪካ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ሥራ አርኤስአር1 ከራሱ መሰል ጋር እንደሚጣመር፣ እንዲሁም ከሲዲሲ42 ጋር በሕይወት ባለው ሴል ውስጥ እንደሚጣመር አሳይተዋል። አርኤስአር1 ከመሰሉ ጋር የሚጣመረው በዘፈቀደ አይደለም፤ በእናትና በልጅ መካከል ባለው አንገትና ኋላም ሴሎቹ በሚለያዩበት ቦታ ነው፤ ወደዚያ የሚያመጣው ደግሞ አብሪው ቡድ5 ነው። ለመጣመር የሚያስፈልገውም በፕሮቲኑ ጫፍ አካባቢ ያለ፣ አዎንታዊ ሙላት ያላቸው አሚኖ አሲዶች የተከማቹበት ክፍል ነው፤ ያ ክፍል ሲለወጥ መጣመሩ ይዳከማል፣ የቦታ ምርጫውም ይበላሻል። ይህን ግኝት ለየት አድርጌ የማነሣው በትምህርታችን ጂቲፒኤዞች ብቻቸውን እንደሚሠሩ፣ አንዱ ለሌላው በሰንሰለት መልእክት እንደሚያቀብል አድርገን ስለምናስተምር ነው። እውነቱ ግን አካል ለአካል ተያይዘው የሚሠሩ መሆናቸውም ነው፤ ሁለት ምልክት ሰጪዎች በአንድ ነጥብ መጣመራቸው ቦታውን ያጸናዋል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከጠባሳው ምልክቶች አንዱ የሆነው ቡድ3 ራሱ የሲዲሲ42 አብሪ ሆኖ፣ ሲዲሲ24 ሥራውን ከመጀመሩ አስቀድሞ እንደሚያገለግል አሳየ። አንድ ጂቲፒኤዝ በሁለት አብሪዎች በተከታታይ ጊዜ ይበራል፤ የመጀመሪያው ቦታውን ይይዛል፣ ሁለተኛው ያጠናክረዋል።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚሆነው ማጠናከሩ ነው። የበራው ሲዲሲ42 ሌላ ኢንዛይም ይይዛል፤ ያ ኢንዛይም ቤም1ን ይይዛል፤ ቤም1 ደግሞ ሲዲሲ24ን ይዞ ይመጣል፤ ሲዲሲ24ም በአቅራቢያው ያሉትን ሌሎች ሲዲሲ42ዎች ያበራል። ዑደቱ ራሱን ያፋፍማል። በሴሉ ገጽ ላይ ሁለት ቦታዎች በአንድ ጊዜ ቢጀምሩ እንኳ ሁለቱ በሴሉ ውስጥ ባለው ውሱን የሲዲሲ24ና የቤም1 ክምችት ይሻማሉ፤ አንዱ ያድጋል፣ ሌላው ይከስማል። ለዚህ ነው ጤናማ እርሾ በአንድ ጊዜ ሁለት ጉንቁል የማያወጣው፤ አርኤስአር1 የጠፋበት እርሾም በየትም ቢሆን አንዱን ብቻ መርጦ የሚያጎነቁለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ግንባታ ነው። የበራው ሲዲሲ42 የአክቲን ክሮች ወደ ነጥቡ እንዲዘረጉ ያደርጋል፤ በክሮቹ ላይ ቁስ የተጫነባቸው ከረጢቶች ይጓዛሉ፤ ከረጢቶቹን የሚያደርሰው ሴክ4 የተባለ ሌላ ጂቲፒኤዝ ነው። የከረጢቶቹን ጉዞ የሚያበላሹትን የእርሾ ሚውታንቶች የለየው ራንዲ ሼክማን እ.ኤ.አ. በ2013 የኖቤል ሽልማትን ከተጋሩት አንዱ ነው። የጉንቁሏን ግድግዳ የሚገነባውን ግሉካን የሚያመርተውን ኢንዛይም የሚያነቃቃው ደግሞ ሮ1 የተባለ ጂቲፒኤዝ ነው፤ ካስፖፈንጊን የተባለው በሆስፒታል ለጽኑ የፈንገስ ሕመም የሚሰጠው መድኃኒት የሚያጠቃው ይህንኑ ኢንዛይም ነው። ከቦታ ምርጫ እስከ ግድግዳ ግንባታ ድረስ በየደረጃው አንድ ጂቲፒኤዝ ለሌላው ሥራውን ያስረክባል።

ይህ ሁሉ የእርሾ ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። የሰው ሲዲሲ42 ከእርሾው ጋር ከአምስት አሚኖ አሲዶች አራቱን ያህል ይጋራል፤ የእርሾው በተበላሸበት ሴል ውስጥ ገብቶም ሥራውን ይሠራል። የአርኤስአር1 የቅርብ ዘመድ በሰው ውስጥ ራፕ1 ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በጀርመን የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ከብዙ ጫፎቹ የትኛው አክሰን፣ ማለትም መልእክት የሚያስተላልፈው ረጅም ክር፣ እንደሚሆን በሚወስን የአንጎል ነርቭ ሴል ውስጥ፣ ከራፕ ዘመዶች አንዱ የሆነው ራፕ1ቢ ይቀድማል፣ ሲዲሲ42 ይከተላል። በእርሾ ላይ የጉንቁሏን ቦታ የሚወስነው ጥንድ በአጥቢ እንስሳ ነርቭ ላይም «ከእነዚህ ሁሉ የትኛው?» የሚለውን ጥያቄ ይመልሳል። ካንዲዳ አልቢካንስ የተባለው፣ በአፍና በብልት አካባቢ እንዲሁም በተዳከሙ ሕሙማን ደም ውስጥ የሚገኘው ፈንገስ ደግሞ ወደ ሰውነት የሚዘልቀው ክር የመሰለ አካል አውጥቶ ነው፤ የራሱ አርኤስአር1 ሲጠፋ ክሩ ቀጥ ብሎ ማደግ ያቅተዋል፣ በሽታ የማስከተል ኃይሉም ይቀንሳል። በሆስፒታሎቻችን ለሚሠሩ ሐኪሞች ይህ የሩቅ ነገር አይደለም።

ስለ ካንሰርም አንድ ነገር ልጨምር። በሰው ካንሰሮች ውስጥ ከአምስቱ በአንዱ ገደማ የ«ራስ» ጂኖች ሚውቴሽን ይገኛል፤ አብዛኞቹ ሚውቴሽኖች ፕሮቲኑን እንደበራ የሚያስቀሩ ናቸው። ለብዙ ዓመታት መድኃኒት አይደርስበትም ሲባል ከቆየ በኋላ፣ ከ«ራስ» ቤተሰብ አንዱ በሆነው ኬራስ በተባለው ፕሮቲን ላይ በአንድ የተወሰነ ሚውቴሽን ምክንያት ለሚመጣ የሳንባ ካንሰር ሶቶራሲብ የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ተፈቀደ። መድኃኒቱ ፕሮቲኑን የሚይዘው ጂዲፒ ይዞ በጠፋበት ሁኔታ ነው፤ ሚውታንቱም ቢሆን እየበራ እየጠፋ መመላለሱን ጨርሶ ስላላቆመ መድኃኒቱ የሚገባበት ጊዜ አገኘ። ከላይ ስለ አርኤስአር1 መመላለስ የገለጽሁትን ያነበበ ሰው ይህ መድኃኒት ለምን እንደሚሠራ በቀላሉ ይገባዋል። የካንሰር ሴል ከቦታው ለቅቆ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሲሰራጭ ደግሞ «በየት በኩል ልሂድ?» ለሚለው ጥያቄ የሚጠቀመው ሲዲሲ42ንና የሮ ቤተሰብ ዘመዶቹን ነው። ዕጢው ማደጉ ሕመም ነው፤ ብዙዎችን ለሞት የሚያደርሰው ግን መሰራጨቱ ነው። «ያለ ልክ ይባዛሉ» የሚለው አገላለጽ ብቻውን የማይበቃው ስለዚህ ነው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ልመናዬ ከባድ አይደለም። ስለ ካንሰር በምትጽፉ ጊዜ ከመጠኑ ጎን ለቦታውና ለአቅጣጫው አንድ አንቀጽ ስጡ። ጂቲፒኤዝ የሚለውን ስም መጻፍም አያስፈራችሁ፤ አንባቢያችሁ ኮሌስትሮልንና ኢንሱሊንን የለመደው ጋዜጦች ደጋግመው ስለጻፉለት ነው። መሠረታዊ ምርምር የሚመስለው የእርሾ ጥናት የመድኃኒት ዜና ከመሆኑ በፊት የት እንደነበረ ንገሩት፤ ሶቶራሲብን ስታነሡ የ1985ቱን እርሾ አብራችሁ አንሡ።

ለሙያ ባልደረቦቼ፣ ለጅማና ለአካባቢው የባዮሎጂ መምህራንም የምለው አለኝ። ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ የዳቦ እርሾ ለብ ባለ ስኳር ውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ጊዜ ካቆያችሁት፣ ከእሱ አንዲት ጠብታ በ400 እጥፍ በሚያጎላ ተራ ማይክሮስኮፕ ላይ ጉንቁል ያላቸውን ሴሎች ታሳያችኋለች። ተማሪዎች ጉንቁል ያላቸውንና የሌላቸውን እየቆጠሩ ይመዝግቡ፤ ከዚያ ጉንቁሏ በእናቲቱ ጫፍ ላይ ወይስ በጎኗ ላይ እንደሆነች ይሥሉ። ሁለት ጉንቁል በአንድ ጊዜ ያወጣች ሴል ካገኙ ይጠይቁ፤ በአብዛኛው የምታጋጥማቸው ሳትለያይ የቀረች ልጅ ናትና ልዩነቱን መመርመሩ ራሱ ትምህርት ነው። ኬሚካልም፣ ውድ መሣሪያም አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው «እዚህ ለምን ወጣች? እዚያ ለምን አልወጣችም?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ነው።

ጠባሳዎቹን ለማየት ግን የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕና ኪቲንን የሚያበራ ቀለም ያስፈልጋል፤ ይህ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኝ አይደለም። ጅማ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ ዩኒቨርሲቲዋም ትምህርትን ከማኅበረሰቡ ጋር በማገናኘት የሚታወቅ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ያላቸው የምርምር ክፍሎች በየዓመቱ አንድ ቀን ወስነው የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ቢጋብዙ፣ ተማሪዎቹም በክፍል ያዩዋቸውን እርሾዎች ይዘው ሄደው የጠባሳዎቹን ሥርዓት በዓይናቸው ቢያዩ፣ አርኤስአር1 የጠፋበት እርሾም ከጎን ቀርቦ ልዩነቱ ቢታያቸው፣ ይህ ሁሉ በጥቂት ሰዓታት የሚፈጸም ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ከትምህርት ቤቶች ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ የምርምር ክፍል ካለ በዚሁ ዓምድ ምላሽ እንዲሰጥበት አሳስባለሁ፤ እኔም በበኩሌ የማስተምራቸውን ተማሪዎች ይዤ ለመምጣት ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር
ጅማ